መዳፌን የማይነካው ጣት፦ የዜሮ ፐርሰንት ውሳኔ ደርሶኝ ምክር እጠይቃለሁ

ባለመፍቻው

ሰላም ለሁላችሁም። በአሜሪካ ምድር ጦር ውስጥ ለ8 ዓመታት በተሽከርካሪ ጥገና ሙያ አገልግዬ በክብር ከተሰናበትኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። በአገልግሎት ላይ ሳለሁ የሃምቪ (የጦር መኪና) ከባድ በር ቀኝ እጄ ላይ ተዘግቶ የመሃል፣ የቀለበትና የትንሿ ጣቴ አጥንት ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ አጥንቱ ቢገጥምም፣ ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ጣቶቼ ታጥፈው መዳፌን ነክተው አያውቁም።

ከሁሉም የሚያስቸግረኝ የመሃል ጣቴ ነው። እንጀራ የምቆርሰው በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ብቻ ስለሆነ፣ የመሃል ጣቴ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ወጡ ውስጥ ይገባል። ልጄን ላጉርስሽ ስል ጉርሻው ከእጄ ላይ ይበተናል፤ በግራ እጄ እንዳጎርሳት ደግሞ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም። በሥራ ቦታም መፍቻ ስይዝ እጀታውን አጥብቆ የሚይዘው የእጄ ክፍል ስለማይዘጋ፣ ብሎኑ ጠንከር ካለ መፍቻው እጄ ውስጥ ይዞራል።

ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (VA) የካሳ ማመልከቻ አስገብቼ ከአራት ወር በፊት ውሳኔ ደርሶኛል። ጉዳቱ ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ መሆኑን ተቀብለዋል፤ ነገር ግን ለሦስቱም ጣቶች የተሰጠኝ የጉዳት ምዘና ዜሮ ፐርሰንት፣ ማለትም ገንዘብ የማይከፈልበት ነው። የመሃል ጣቴ በኮድ 5229፣ ሁለቱ ደግሞ በኮድ 5230 ተመዝነዋል። የምርመራውን ሪፖርት አስወጥቼ ሳነብ፣ በመሃል ጣቴና በመዳፌ መካከል ያለው ክፍተት «ከ1 ኢንች በታች» ተብሏል፤ ሕመምን በሚመለከተው ቦታ ላይ ደግሞ «የለም» ተብሎ ተሞልቷል። ምርመራው አሥር ደቂቃ ያህል ነበር የፈጀው። መርማሪው ሲገባ «ዛሬ እንዴት ነህ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት፤ ጣቴን ሲያጥፈው ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ከእናንተ መካከል ይህን መንገድ የሄደ ካለ፣ ጉዳዩ እዚህ ላይ አብቅቷል ወይስ የሚቀር ነገር አለ?

ደንብ አንባቢ

ወንድሜ፣ እንኳን ጻፉልን። የቀድሞ ወታደሮችን በካሳ ጉዳይ ለመወከል ፈቃድ ይዤ ለ11 ዓመታት ሠርቻለሁ፤ እንደ እርስዎ ዓይነት ደብዳቤም ብዙ አይቻለሁ። ጉዳይዎ አላበቃም። ምክንያቱን ለመረዳት ግን ደንቡ ጣቶችን እንዴት እንደሚለያያቸው አስቀድሞ ማወቅ ስለሚያስፈልግ ትንሽ ላስረዝም።

የጣት ምዘና የሚገኘው በፌዴራል ደንቦች ርዕስ 38 ክፍል 4 ውስጥ ነው። ሠንጠረዡ ጣቶችን እኩል አያይም። ለአውራ ጣት የሚያገለግለው ኮድ 5228 ሲሆን፣ የሚለካው አውራ ጣት ወደ ሌሎቹ ጣቶች ለመድረስ ሲሞክር በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ነው፤ ከ2 ኢንች በላይ ከሆነ 20 ፐርሰንት፣ ከ1 እስከ 2 ኢንች ከሆነ 10 ፐርሰንት፣ ከ1 ኢንች ካነሰ ዜሮ ነው። ለሌባ ጣትና ለመሃል ጣት ኮዱ 5229 ነው። ጣቱ የሚችለውን ያህል ታጥፎ በጫፉና በመዳፉ አግድም መስመር መካከል 1 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ፣ ወይም ጣቱ ቀጥ ለማለት ከ30 ዲግሪ በላይ ከጎደለው፣ 10 ፐርሰንት ይሰጣል። ከዚያ በታች ዜሮ ነው። ለቀለበት ጣትና ለትንሿ ጣት በኮድ 5230 የሚሰጠው ግን እንቅስቃሴው የቱንም ያህል ቢገደብ ዜሮ ብቻ ነው።

ስለዚህ በገንዘብ ረገድ ሙግትዎ ያለው የመሃል ጣትዎ ላይ ነው፤ እዚያም ሁለት በሮች አሉ። የመጀመሪያው ልኬቱ ራሱ ነው። በ1 ኢንች እና ከ1 ኢንች በጥቂት በሚያንስ ልኬት መካከል ያለው ልዩነት የማስመሪያ አንድ ጭረት ሊሆን ይችላል፤ ያ ጭረት ግን በዜሮና በ10 ፐርሰንት መካከል ያለ ወሰን ነው። ሁለተኛው በር፣ እንዲያውም ሰፊው፣ በአንቀጽ 4.59 የተጻፈው የሚያምም እንቅስቃሴ ነው። ይህ አንቀጽ መገጣጠሚያው ሲንቀሳቀስ የሚያም ከሆነ፣ ለዚያ መገጣጠሚያ የተቀመጠው ዝቅተኛው የሚከፈልበት ምዘና እንዲሰጥ ያዛል። የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ የሚሰማው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2011 አንቀጹ ለአርትራይተስ (ለመገጣጠሚያ ብግነት) ብቻ የተወሰነ እንዳልሆነ ወስኗል። ኮድ 5229 የ10 ፐርሰንት ደረጃ ስላለው፣ የመሃል ጣትዎ ክፍተት ከ1 ኢንች ያነሰ ቢሆን እንኳ፣ ሲታጠፍ እንደሚያምምዎ በሪፖርቱ ላይ ቢሰፍር ኖሮ 10 ፐርሰንት ሊያሰጥ የሚችል መሠረት ነበረው።

ዝምታዎ ምን እንዳስከፈለዎት ከዚህ ይታያል። በእኛ ባህል «እንዴት ነህ» ላለ ሰው «ተመስገን» ማለት ምስጋና ነው፤ ስለ ጤና የተሰጠ ቃል አይደለም። መርማሪው ግን ያንን እንደ ምስክርነት ቃል ሊይዘው ይችላል። በወከልኳቸው የሀገራችን ልጆች ሪፖርቶች ላይ ይህን ደጋግሜ ስላየሁት፣ ዛሬ ከምርመራ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የምነግረው የመጀመሪያው ነገር ሆኗል።

የእጅ ቴራፒስቷ

በአንድ ሆስፒታል የእጅ ሕክምና ክፍል ውስጥ የምሠራ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ። ደንብ አንባቢ ስለ ማስመሪያው ጭረት የጻፉት ትክክል ስለሆነ፣ ልኬቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ላክል፤ በተለይ የመሃል ጣት ላይ ስሕተት የሚፈጠርበት ቦታ አለና።

መዳፍዎን ይክፈቱና ይመልከቱ። አግድም የሚሄዱ ሁለት ዋና ዋና መስመሮች አሉ። አንደኛው ለጣቶች ሥር የቀረበ ሲሆን ከትንሿ ጣት በኩል ተነሥቶ በሌባና በመሃል ጣት መካከል አካባቢ ያልቃል። ሁለተኛው ወደ እጅ አንጓ ቀረብ ያለ ሲሆን ከሌባ ጣት በኩል ከመዳፉ ጠርዝ ይነሣል። ደንቡ የሚለው ይህን ሁለተኛውን፣ ለአንጓ የቀረበውን ነው። በመሃል ጣት ሥር ሁለቱም መስመሮች ስለሚያልፉ፣ የሚለካው ሰው ለጣቱ የቀረበውን መስመር ከያዘ ክፍተቱ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይመዘገባል። ልዩነቱ እንደ እጁ ስፋት ቢለያይም፣ 1 ኢንችን ለመሻገርና ላለመሻገር ሊበቃ ይችላል።

ሌላው ነገር ጣቱ ስንት ጊዜ ታጥፎ እንደተለካ ነው። ጤነኛ ጣት ሥሩ ላይ ባለው መገጣጠሚያ እስከ 90 ዲግሪ፣ በመካከለኛው እስከ 100 ዲግሪ፣ በጫፉ ደግሞ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ይታጠፋል። የተጎዳ ጣት ጠዋት፣ በብርድ ቀን ወይም ከረጅም ሥራ በኋላ የሚያሳየው መጠን ከሰዓት በሞቀ ክፍል ውስጥ ከሚያሳየው ጋር አንድ አይደለም። እኔ ስለካ ጣቱን መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደጋግሞ ካጠፈ በኋላ እንደገና እለካለሁ፤ ሕመሙ የጀመረበትንም ዲግሪ ለብቻው እጽፋለሁ። እንደ እርስዎ ያሉ ታካሚዎች ፊታቸውን ስለማያጨማድዱ፣ የሌላኛው እጃቸው ጣቶች ወንበሩን ሲጨብጡ አይቼ ነው ሕመሙን የማውቀው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ትንሿ ጣትዎና የቀለበት ጣትዎ ግማሽ ይደነዝዛሉ? ያ አካባቢ ስሜት የሚያገኘው ከኡልናር ነርቭ ነው። የሚደነዝዝ ከሆነ ጉዳቱ የመገጣጠሚያ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ባለመፍቻው

እህቴ፣ አይደነዝዙም፤ ግትር ብለው ነው የቀሩት። በመዳፌ በኩል ያለው የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ግን የመፍቻ እጀታ ሲያርፍበት በጣም ያመኛል። አሁን ባሉት መሠረት ማስመሪያ ይዤ ለካሁት፤ ለአንጓ ከቀረበው መስመር ጋር 1 ኢንች ከሩብ፣ ለጣቶቹ ከቀረበው መስመር ጋር ግን ከ1 ኢንች በታች ነው። ሚስቴም ለብቻዋ ለክታ ያንኑ አግኝታለች።

የቀለበት ጣት

ስለ ትንሿና ስለ ቀለበት ጣት የተሰጠው መልስ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው፤ ትክክልም አይመስለኝም። አንቀጽ 4.59 ለሚያም መገጣጠሚያ ሁሉ ዝቅተኛውን የሚከፈልበት ምዘና የሚሰጥ ከሆነ፣ የቀለበት ጣት ሲያም ለምን 10 ፐርሰንት አያገኝም? እኔ ራሴ በዚህ ምክንያት ይግባኝ ለመጻፍ እያሰብኩ ነው። ሰው መዶሻ ሲይዝ ኃይሉ ያለው በነዚህ ሁለት ጣቶች ላይ አይደለም እንዴ?

ደንብ አንባቢ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ስለ ጉልበት ያሉትም እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ መልስ አግኝቷል። የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ የሚሰማው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቀለበት ጣት ራሱ በቀረበለት ጉዳይ፣ አንቀጽ 4.59 የሚሠራው በኮዱ ውስጥ የሚከፈልበት ደረጃ ሲኖር ነው ብሎ ወስኗል። ኮድ 5230 ከዜሮ በላይ ምንም ደረጃ ስለሌለው፣ ከፍ የሚደረግበት «ዝቅተኛ» የለም። እኔ ይህን ሠንጠረዥ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ ሁለቱ ጣቶች ለመጨበጥ ያላቸውን ድርሻ የሚያይ አይደለም። ግን በዚህ መሠረት ብቻ ይግባኝ ቢጽፉ አንድ ዓመት ጠብቀው ያንኑ መልስ እንዳያገኙ እሰጋለሁ።

ጊዜዎን በሌሎቹ መንገዶች ላይ ቢያውሉት ይሻላል። የጣት ግትርነት በራጅ የተረጋገጠ አርትራይተስ ካለበት በኮድ 5003 ሊታይ ይችላል፤ የእጅ ትናንሽ መገጣጠሚያዎች በቡድን ሆነው እንደ አንድ ትልቅ መገጣጠሚያ ይቆጠራሉ፣ 10 ፐርሰንትም ሊያሰጡ ይችላሉ። ለዚህ ግን አንድ መገጣጠሚያ አይበቃም፤ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ከቡድኑ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መጎዳት እንዳለባቸው አጽንቷል። ድንዛዜ ካለ ኡልናር ነርቭ በኮድ 8516 ይታያል፤ ቀላል የተባለው ጉዳት እንኳ 10 ፐርሰንት አለው። ጉዳቱ በእጅ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ጡንቻዎች የነካ ከሆነ ደግሞ ኮድ 5309 አለ። ደንቡ እዚያ ላይ እጅ የታመቀ አካል በመሆኑ ጡንቻ ብቻውን የሚጎዳው ከስንት አንዴ ነው ይልና፣ በእንቅስቃሴ መጠን ተመዝኖ ከ10 ፐርሰንት እንዳያንስ ያዛል። ይህን ማስታወሻ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፈዋል። ለዚህ ሁሉ ግን የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል።

ያለዎት ምዘና ሁሉ ዜሮ ብቻ ከሆነና ጉዳቶቹ ተደምረው ሥራዎን በግልጽ የሚያውኩ ከሆነ፣ በአንቀጽ 3.324 መሠረት 10 ፐርሰንት መጠየቅ ይቻላል። አንድ የሚከፈልበት ምዘና ሲገኝ ይህ መንገድ ይዘጋል።

ወደ ባለመፍቻው ልመለስ። የጠባሳውን ሕመም መጻፍዎ ጥሩ ነው፤ ሲነካ የሚያም አንድ ወይም ሁለት ጠባሳ በኮድ 7804 ለብቻው 10 ፐርሰንት አለው፤ የጣቱ እንቅስቃሴ ከሚመዘንበት የተለየ ጉዳት ስለሆነም ሁለት ጊዜ እንደመክፈል አይቆጠርም። 10 እና 10 በደንቡ ስሌት፣ ሁለተኛው ከቀረው 90 ላይ ስለሚታሰብ፣ 19 ይሆናሉ፤ ወደ ቅርቡ አሥር ሲጠጋ ደግሞ 20 ፐርሰንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ተመን ጥገኛ ለሌለውም ላለውም 10 ፐርሰንት በወር 175.51 ዶላር፣ 20 ፐርሰንት 346.95 ዶላር ነበር።

አካሄዱን በሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2019 ወዲህ ሦስት መንገዶች አሉ። በከፍተኛ ገምጋሚ እንደገና እንዲታይ ከጠየቁ አዲስ ማስረጃ ማስገባት አይችሉም። ወደ ይግባኝ ቦርድ መሄድ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ለእርስዎ የሚሻለው በቅጽ 20-0995 የሚቀርበው ሰፕልመንታል ክሌም (አዲስ ማስረጃ ይዞ የሚቀርብ ተጨማሪ ማመልከቻ) ነው፤ ምክንያቱም የሚጎድልዎ ማስረጃ ነው፤ እሱንም ማግኘት ይችላሉ። ውሳኔው ከደረሰዎ ጀምሮ አንድ ዓመት ሳይሞላ ካስገቡ፣ ቢፈቀድልዎ ክፍያው መጀመሪያ ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል። አራት ወር ሄዷልና ቀኑን ጻፉት።

አሮጌው ሳጂን

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የነበርኩ ሰው ነኝ። የጥይት ሣጥን ግራ አውራ ጣቴን ጨፍልቆት ነበር። እስከ ዛሬ የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ባለቤቴ ናት። ማመልከቻ አላስገባሁም። ጓደኞቼ እግራቸውን ባጡበት ቦታ ለአንድ አውራ ጣት ገንዘብ መጠየቅ ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው። አሁን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይህን ማንሣት ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ባለመፍቻው

ጋሼ፣ እኔም ያንኑ ነውር ተሸክሜ ነበር ወደ ምርመራው የገባሁት። ያንን ጣት ሁለታችንም የሰጠነው በሥራ ላይ ሆነን ነው። እርስዎ የሚጠይቁት እግሩን ካጣው ሰው ድርሻ ላይ ተቀንሶ የሚሰጥ አይደለም፤ የእርሱ ምዘና የእርሱ ነው። እባክዎን ያመልክቱ።

ደንብ አንባቢ

ጋሼ፣ ለማመልከት የጊዜ ገደብ የለም። ክፍያው ግን በአብዛኛው ካመለከቱበት ቀን እንጂ ከጉዳቱ ቀን አይታሰብም፤ ስለዚህ ዛሬውኑ የማመልከት ፍላጎት ማስታወቂያውን በቅጽ 21-0966 ያስገቡ። ከዚያ በኋላ ማስረጃ ለመሰብሰብ አንድ ዓመት ይኖርዎታል፤ ቀኑም ተጠብቆ ይቆያል። የአገልግሎት ሕክምና መዝገብዎ ካልተሟላ፣ አብረውዎት የነበሩ ሰዎች ያዩትን በቅጽ 21-10210 ሊመሰክሩልዎ ይችላሉ። እዚህ ስለ ሸሚዙ ቁልፍ ያነሡትን ባለቤትዎ በዚያው ቅጽ ይጻፉልዎ፤ እንደዚያ ያለ ግልጽ ቃል ከረጅም አቤቱታ ይልቅ ይጠቅማል። ምዘናው ዜሮ ቢሆን እንኳ ጉዳቱ ከአገልግሎት ጋር መያያዙ ከታወቀ፣ ለዚያ ጣት የሚያስፈልገው ሕክምና በነፃ ይሰጥዎታል፤ ወደፊት ቢብስም እንደገና ከሥሩ ማስረዳት አይኖርብዎትም።

የወታደር ባለቤት

ባለቤቴ ግራኝ ነው፤ የተጎዳው የግራ ሌባ ጣቱ ነው። ሁልጊዜ የሚጽፍበትና የሚሠራበት እጅ መሆኑ ምዘናውን ይለውጠዋል?

ደንብ አንባቢ

እህቴ፣ ለአንድ ጣት የእንቅስቃሴ ገደብ አይለውጠውም፤ በሁለቱም እጅ እኩል ነው። ዋነኛው እጅ ልዩነት የሚያመጣው ብዙ ጣቶች አንድ ላይ ደርቀው ሲቀሩ ነው፤ ለምሳሌ የአንድ እጅ አምስቱም ጣቶች በማይመች ሁኔታ ከደረቁ ለዋነኛው እጅ 60፣ ለሌላኛው 50 ፐርሰንት ነው። ቢሆንም ግራኝ መሆኑን በምርመራው ቀን ይናገር፤ በመዝገቡ ላይ በትክክል መስፈር አለበት።

የእጅ ቴራፒስቷ

ወደ ምርመራ ለምትሄዱ ሁሉ አንድ ነገር ልጨምር። ሕመሙን አታግንኑት፤ ልምድ ያለው መርማሪ ያውቀዋል፣ ቃላችሁም ከዚያ በኋላ አይታመንም። ደግሞም አትደብቁት። ጣቱ ሲታጠፍ ሕመሙ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ሲደርስ «እዚህ ጋ ያመኛል» በሉ። ሕመሙ የሚብስባቸው ቀናት ካሉ በወር ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና በዚያን ጊዜ ምን ማድረግ እንደማትችሉ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት መርማሪው ሕመሙ በበረታበት ጊዜ ባያያችሁም፣ ከቃላችሁና ከመዝገቡ ተነሥቶ ግምቱን እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። እናንተ ካልነገራችሁት ግን የሚገምትበት ነገር አይኖረውም።

ባለመፍቻው

ከሰባት ወር በኋላ ተመልሻለሁ፤ መልሱን ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈለግኩም።

ሐኪሜ ወደ እጅ ቴራፒስት ልኮኝ በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለካሁ። በሁለተኛው ቀን፣ በረዶ ጥሎ ስለነበር፣ ክፍተቱ ወደ 1 ኢንች ተኩል ሰፍቶ ነበር። ሪፖርቱ የተለካበትን መስመር በስም ይጠቅሳል፤ ሕመሙ የጀመረበትን ዲግሪም ይዟል። ሚስቴ የጻፈችው ግማሽ ገጽ ነው፤ ስለ ጉርሻው ጽፋለች። ሰፕልመንታል ክሌሙን ዓመቱ ሳይሞላ አስገባሁ፤ የጠባሳውን ማመልከቻም ለብቻው አያያዝኩ።

አዲሱ ምርመራ በሌላ ክሊኒክ ነበር። ሐኪሟ ስትገባ «እንዴት ነህ?» አለችኝ። ልምዴ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ «እጄ ዛሬም ያመኛል፣ ሌላው ደህና ነው» አልኳት። ጣቴን ስታጥፈው ሁለት ጊዜ «እዚህ ጋ» አልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቆም ብላ ጻፈች። ማስመሪያውን ስታስቀምጥ ለአንጓ በቀረበው መስመር ላይ መሆኑን በዓይኔ አየሁ።

ውሳኔው ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። የመሃል ጣቴ መጀመሪያ ካመለከትኩበት ቀን ጀምሮ 10 ፐርሰንት ሆኗል። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ዜሮ ላይ ናቸው፤ ራጁ በሁለቱም ላይ አርትራይተስ መጀመሩን ስለሚያሳይ፣ በኮድ 5003 የሚቀርብ ነገር እንዳለ ከደንብ አንባቢ ጋር በስልክ ልንነጋገር ቀጠሮ ይዘናል። የጠባሳው ጉዳይ ገና በሂደት ላይ ነው።

ጋሼ ሳጂን፣ የእርስዎስ ከምን ደረሰ?

አሮጌው ሳጂን

ማስታወቂያውን ያስገባሁት በዚያው ሳምንት ነው፣ ልጄ። ባለቤቴ ስለ ቁልፉ ጽፋልኛለች። ምርመራው የፊታችን ማክሰኞ ነው፤ ማስመሪያ ገዝቼ አውራ ጣቴን እየለካሁ ነው።